በወጣትነት የተነበቡ ልብ ወለድ ታሪኮችና ሁለተኛው ንባብ

አንድ ሰው በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ያነበበውን መጽሐፍ በሃያ አንድ ዓመቱ መልሶ ሲያነበው፣ መጽሐፉ ያው ሆኖ ሳለ ሁለት ልዩ ልዩ ማስረጃ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ንባብ መጽሐፉ በልጅ ልብ ላይ ምን ለማድረግ እንደ ቻለ ያስረዳል፤ ሁለተኛው ደግሞ ያን ያደረገው በምን ዘዴ እንደ ሆነ፣ ከየትኛው ዘመንና ከማን ፍላጎት እንደ ተወለደ ያሳያል። የታሪክ ተማሪ ሁለቱም ያስፈልጉታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አንዱ በሌላው ይሻራል፤ አንባቢው ወይ የልጅነት ፍቅሩን ለመጠበቅ ብሎ መጽሐፉን ዳግመኛ ሳይከፍተው ይቀራል፤ ወይም ከፍቶ ባየው ነገር ተቈጥቶ የቀድሞውን ፍቅር እንዳልነበረ ያደርገዋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ እንዲህ ያለው መጽሐፍ ጠቃሚ የታሪክ ማስረጃ የሚሆነው በልጆች ዘንድ ስለ ተወደደ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ንባብ የመጀመሪያውን እንደ ምስክር ይዞ መቅረብ አለበት የሚል ነው።

ለምርመራው የመረጥኋቸው መጻሕፍት አራት ናቸው፤ እነርሱም የባለንታይን «የኮራል ደሴት»፣ የስቲቨንሰን «የውድ ሀብት ደሴት»፣ የሃጋርድ «የንጉሥ ሰሎሞን የማዕድን ጉድጓድ» እና የጆን ባካን «ፕሬስተር ጆን» ናቸው። አራቱም በእንግሊዝኛ ለወጣት ወንዶች ልጆች ተብለው የተጻፉ፣ በኋላም በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች በነበሩ በብዙ ትምህርት ቤቶች ሲነበቡ የኖሩ ናቸው። አገራችን የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ባትሆንም፣ የሚስዮን ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ መጻሕፍታቸውን የሚያስመጡት ከዚያው ገበያ ስለ ነበረ መጻሕፍቱ ወደ እኛም ደርሰዋል። እኔ የተማርሁበት የሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት መደርደሪያ የሚሞላ ያህል መጻሕፍት ነበሩት፤ የሚበዙትም ለውጭ አገር ተማሪ ተብለው በቀላል እንግሊዝኛ የታጠሩ ነበሩ። «ፕሬስተር ጆን» ብቻ ያልታጠረ ነበረ፤ ይሁን እንጂ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ተገንጥለው ጠፍተዋል። ፍጻሜውን ከበላይ ክፍል ተማሪዎች በቃል ነበር የምንሰማው፤ እያንዳንዱም የየራሱን ፍጻሜ ይነግረን ነበር። አሁን አራቱንም ሙሉ ቅጂዎች ከኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት ተውሼ እንደ ገና አንብቤአቸዋለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

መጻሕፍቱ በትውልድ የተያያዙ ናቸው ለማለት ይቻላል። «የኮራል ደሴት» የታተመው በ1857 ነው። ስቲቨንሰን በልጅነቱ ባለንታይንን እያነበበ ያደገ ሰው ነበረ፤ በ1881 በበጋቸው ወራት በስኮትላንድ ብሬማር በምትባል መንደር ሳለ ከእንጀራ ልጁ ጋር የአንድ ደሴት ካርታ ሥለው፣ ታሪኩን ከዚያ ካርታ አወጣው። ጽሑፉ መጀመሪያ በወጣቶች መጽሔት በተከታታይ ወጣ፤ በ1883 መጽሐፍ ሆነ። ሃጋርድ ደግሞ ይህ መጽሐፍ በሰው ሁሉ አፍ በነበረበት ጊዜ፣ የዚህን ግማሽ የሚሆን እንኳ መጻፍ አትችልም ብሎ ከተከራከረው ወንድሙ ጋር ተወራርዶ የራሱን በጥቂት ሳምንታት ጽፎ ጨረሰ፤ በ1885 ታተመለት። የባካን መጽሐፍ በ1910 ወጣ፤ ባካንም የስቲቨንሰን አድናቂ ነበረ። እንግዲህ እያንዳንዱ ደራሲ ከእርሱ በፊት የተጻፈውን ያነበበ ሰው ነበረ ማለት ነው። በዚህ ላይ በእንግሊዝ አገር በ1870 የወጣው የትምህርት ሕግ የሚያነቡትን ልጆች ቍጥር እያበዛ ሄደ፤ አታሚዎችም ለእነዚህ አንባቢዎች የሚሆን ነገር በብርቱ ይፈልጉ ነበር።

ከባለንታይን እንጀምር። ባለንታይን በ1825 በኤዲንበርግ ተወለደ፤ ገና ልጅ ሳለ በካናዳ የሃድሰን ቤይ ኩባንያ ተቀጥሮ ከሕንዶች ጋር በጠጕር ንግድ ሠራ፤ ስለ በረዶና ስለ ጫካ የሚጽፈው ካየው ነው። የፓስፊክን ባሕር ግን ከቶ አላየም። የኮራል ደሴትን ከሌሎች ሰዎች መጻሕፍት ቀድቶ ነው የሠራት። ስለዚህ ነገር አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በመጽሐፉ ውስጥ መርከባቸው የተሰበረችባቸው ሦስት ልጆች፣ ራልፍ፣ ጃክና ፒተርኪን፣ ኮኮነት ከዛፍ ሲያገኙ በሰንጢ ወግተው በቀላሉ ይጠጡታል። ደራሲው ኮኮነትን የሚያውቀው በእንግሊዝ አገር ሱቅ ተልጦ ሲሸጥ ነበርና፣ በዛፍ ላይ ሳለ ቃጫ መሳይ ወፍራም የውጭ ልብስ እንዳለው አላወቀም። ስሕተቱ ከተነገረው በኋላ ያላየሁትን አልጽፍም ብሎ ቈረጠ፤ ለሚቀጥሉት መጻሕፍቱ ሲል በባሕር መካከል ባለ የመብራት ማማ ሰነበተ፣ ከለንደን የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር ዋለ፣ ወደ ማዕድን ጉድጓድም ወረደ።

ይህን ታሪክ ባለንታይን ራሱ በሽምግልናው በፈቃዱ የተናገረው ስለ ሆነ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ሁለተኛው ንባብ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። አንድን ፍሬ ለመግለጽ በዓይን ማየት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ሰውን ለመግለጽስ? በመጽሐፉ የሚገኙት የደሴቲቱ አካባቢ ሰዎች ከጥቂቶች በቀር ሰው በላዎች ናቸው፤ እነርሱም የተቀዱት ከዚያው ከሰው መጻሕፍት ነው። ኮኮነቱ ታረመ፤ ሰዎቹ ግን እንደ ነበሩ ቀሩ። በዐሥራ ሦስት ዓመቴ ይህን ምዕራፍ ሳነብ ልቤ ከጃክ ጋር ነበረ፤ በአንድ በትር ብዙ ሰው ሲጥል ደስታው ልክ አልነበረውም። ይህ ደስታ እኔ የፈጠርሁት አልነበረም፤ ደራሲው አስቦ ያዘጋጀው ነው። ጃክ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀልድና ወዳጅ አለው፤ በበትር የሚወድቁት ግን ስም የላቸውም። ልጅ ደግሞ ስሙን ለሚያውቀው ሰው ያደላል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ድሮ ፈጽሞ ያላስተዋልሁት አንድ ሰው አለ። ወደ ፍጻሜው ላይ ልጆቹ ማንጎ ወደምትባል ደሴት ሲሄዱ፣ ከደቡብ ባሕር ሰዎች የተወለደ አንድ የክርስትና መምህር ያገኛሉ። ጥቂት ምእመናን ሰብስቦ፣ ክርስቲያን ካልሆነው አለቃ ሥር በጭንቅ ይኖራል። ባለንታይን ስም እየጠራ ሳይሆን «መምህሩ» እያለ ያልፈዋል። ለጀብዱው እምብዛም የማያገለግል ሰው ስለ ሆነ ልጅ አንባቢ ገጹን ፈጥኖ ይገለብጠዋል። በሚስዮን ትምህርት ቤት ለተማረ ሰው ግን ይህ መምህር የሚያውቀው ሰው ነው። ፊደል ያስቈጠሩን፣ መዝሙር ያስጠኑን፣ ደመወዛቸው ከውጭ አገሮቹ መምህራን ያነሰ የአገር ተወላጆች መምህራን ነበሩን። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመስለው ሰው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ከእኛ አንድም እንኳ በጨዋታ ጊዜ መምህሩን ልሁን ያለ አልነበረም። ሁላችንም ጃክ ነበርን።

በ«የውድ ሀብት ደሴት» ላይ ብዙ አልቈይም፤ ከአራቱ መካከል በሁለተኛው ንባብ ምንም ያልጐደለበት እርሱ ነው። ደሴቲቱ ተወላጅ የላትም፤ የተበደለ ባለ አገር የለም፤ ክፉዎቹም ደጎቹም እንግሊዞች ናቸው። ሎንግ ጆን ሲልቨር በልጅነቴ ያስፈራኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደስተኝ እርሱ ሆኗል። ደራሲው ጂም ወርቁን ባየ ጊዜ ለመሰብሰቡ ስንት ደምና ኀዘን እንደ ፈሰሰ እንዲያስብ ያደርገዋል፤ ይህም በጥቂት መስመር የታለፈ ቢሆን ታልፏል እንጂ አልተረሳም። ስቲቨንሰን በኋላ በሳሞአ ተቀምጦ፣ በ1892 የአውሮፓ መንግሥታት በዚያች አገር የሠሩትን የሚነቅፍ የታሪክ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1894 እዚያው ሞተ። ባለንታይን ሳያያቸው የጻፈላቸውን ሰዎች ስቲቨንሰን ጎረቤት ሆኖ አወቃቸው።

ሃጋርድን በዚህ ፍጥነት ማለፍ አይቻልም። ሄንሪ ራይደር ሃጋርድ በ1875 ገና በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በናታል ገዥ ጽሕፈት ቤት ሠራ። በ1877 እንግሊዝ ትራንስቫልን ስትይዝ በፕሪቶሪያ ባንዲራውን በመስቀል ሥነ ሥርዓት ላይ በገዛ እጁ ተካፍሏል። የዙሉ ሠራዊት በ1879 በኢሳንድልዋና እንግሊዞችን ድል ባደረገ ጊዜ በዚያው አገር ነበረ። መጽሐፉ የታተመበት 1885 ደግሞ የአፍሪካን ክፍፍል ደንብ ያወጣው የበርሊን ጉባኤ ያበቃበት ዓመት ነው። አታሚው በለንደን ግድግዳዎች ላይ ማስታወቂያ አስለጠፈ፤ በመጀመሪያው ዓመት 31,000 ቅጂ ተሸጠ። ደራሲው መጽሐፉን ያበረከተው ለትልልቆችም ለትንንሾችም ወንዶች ልጆች ነው።

ታሪኩ ለብዙ አንባቢዎቼ የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ ላንሣው። ዝሆን አዳኙ አለን ኳተርሜን፣ የጠፋ ወንድሙን የሚፈልገው ሰር ሄንሪ ከርቲስና የባሕር ኃይል መኰንኑ ጉድ፣ አንድ ፖርቱጋላዊ በ1590 በደሙ የሣለውን ካርታ ይዘው ምድረ በዳውን ያቋርጣሉ። አገልጋይ ሆኖ የተከተላቸው ኡምቦፓ የኩኩዋና አገር እውነተኛ ንጉሥ ኢግኖሲ ሆኖ ይገኛል፤ በጦርነት ዙፋኑን ያስመልሱለታል። የጉድ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የአንድ ዓይን መነጽሩና በግማሽ የተላጨ ፊቱ የአገሩን ሰዎች ሲያስደነግጥ የማይስቅ ተማሪ አልነበረም። ያ ሣቅ ዛሬም አልጠፋም፤ ደራሲው በአገሩ ሰዎች ብቻ ሳይሆን በጉድም ላይ ስለሚያስቅ ይመስለኛል።

ስለ ግርዶሹ ጥቂት ልበል። በመጀመሪያው እትም ጀግኖቹ ኃይላቸውን ለማሳየት ከመቍጠሪያ መጽሐፍ አይተው የፀሐይ ግርዶሽ እንደሚሆን አስቀድመው ይናገራሉ፤ ፀሐይም በሰዓቱ ትጨልማለች። ሃጋርድ ግን በዚያው ሰሞን ሌሊቱን በሙሉ ጨረቃ አብርቶት ነበር። ፀሐይ የምትጋረደው ጨረቃ በምትወለድበት ጊዜ ብቻ እንደ ሆነ ባሕረ ሐሳብ የተማረ የቤተ ክህነት ተማሪ ሁሉ ያውቃል። አንባቢዎች ይህን አሳስበውት በኋለኞቹ እትሞች የፀሐዩን ግርዶሽ ወደ ጨረቃ ግርዶሽ ለወጠው። እንግዲህ ይህ ሁለተኛው ኮኮነት ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ተፈጥሮ በእርማት ዕድለኛ ናት።

ስሙ ለኢትዮጵያዊ ልጅ የተለየ ደስታ የሚሰጥበት ምክንያትም አለ። ሰሎሞን፣ ሳባ፣ የጥንት መንገድ፣ በተራራ ሥር የተደበቀ አልማዝ፤ ይህ ሁሉ የክብረ ነገሥት ዘመድ ይመስላል። በመጽሐፉ ውስጥ በንግሥተ ሳባ ስም የተጠሩ ሁለት ተራሮች አሉ፤ በልጅነቴ ወደ አገሬ የተቃረቡ መስሎኝ በካርታ ፈልጌአቸዋለሁ። በሁለተኛው ንባብ ግን ንግሥቲቱ ከተራራ ስምነት አታልፍም፤ መንገዱንና ሐውልቶቹንም የሠሩት ጥቁር ሰዎች እንዳልሆኑ፣ ከሰሜን የመጡ የሰሎሞን ወይም የፊንቄ ሰዎች እንደ ሆኑ ይገመታል። ይህ አሳብ ከሃጋርድ ብቻ የመጣ አይደለም። ጀርመናዊው ካርል ማውክ በ1871 የታላቋን ዚምባብዌ ፍርስራሽ ባየ ጊዜ፣ ይህን ያሠራችው ንግሥተ ሳባ መሆን አለባት ብሎ ነበር። በ1905 ራንዳል ማክአይቨር፣ በ1929ም ጌርትሩድ ኬተን ቶምሰን ቈፍረው መርምረው ሕንፃዎቹ በመካከለኛው ዘመን የተሠሩ የአፍሪካውያን ሥራ መሆናቸውን አስረዱ። ይሁን እንጂ የሮዴዥያ ነጮች መንግሥት እስከ መጨረሻ ዘመኑ ይህን ቃል በደስታ አልተቀበለም፤ አገሪቱ በ1980 ነጻ ስትወጣ ስሟን ከእነዚያው ግንቦች ወሰደች። ከዚህ የምንረዳው የንግሥተ ሳባ ስም እንኳ፣ እኛ በክብር የምንይዘው ስም፣ ለሌላው ጥቁር ሕዝብ የእጁን ሥራ መንጠቂያ ሊሆን መቻሉን ነው። ይህን ነገር በአገራችን ብዙ ሲነገር አልሰማሁም።

አሁን ወደ ፍጻሜው። ፉላታ የተባለችው ልጃገረድ ጉድን ወድዳ በዋሻ ውስጥ ስትሞት፣ ፀሐይና ጨለማ አይጋቡም በማለት ሞቷን ራሷ ትባርካለች፤ ኳተርሜንም ነገሩ በዚህ መቈረጡ መልካም ነው ብሎ ያስባል። ይህ የሚያሳፍር ገጽ ነው፤ ማለባበስ አያስፈልገውም። ነገር ግን ከዚያው ደራሲ ብዕር ሌላ ገጽ ወጥቷል። ንጉሥ ኢግኖሲ ሦስቱን ነጮች ሲሰናበት፣ ከእነርሱ በቀር ሌላ ነጭ ተራራውን እንዳይሻገር ይከለክላል፤ ጠመንጃና መጠጥ የሚያመጣ ነጋዴ አላስገባም፣ የሰውን ልብ አስፈርቶ ለሚከተሉት ነጮች መንገድ የሚጠርግ ሰባኪም አላስገባም፣ ጦር ቢመጣ እዋጋለሁ ይላል። በትምህርት ቤታችን በነበረው የታጠረ ቅጂ ይህ ንግግር አንድ ዐረፍተ ነገር ያህል የስንብት ቃል ብቻ ሆኖ ነበር። ያሳጠረው ሰው ክፋት አስቦ ነው አልልም፤ አሳጣሪ ድርጊቱን ይዞ ንግግሩን ይጥላል። ውጤቱ ግን ጥቁሩ ንጉሥ እስከ መጨረሻው ሲዋጋ የታየ፣ ሲናገር ያልተሰማ መሆኑ ነው።

ባንዲራ የሰቀለ ሰው ባንዲራ የሚከለክል ንጉሥ ለምን ፈጠረ? የእኔ ግምት የሚከተለው ነው። ሃጋርድ የወደዳት አፍሪካ ያልተነካችዋን አፍሪካ ነበር፤ ያልተነካች ሆና እንድትቀር ደግሞ ከእርሱ ወገኖች መዘጋት ነበረባት። ስለዚህ ንግግሩ ከፍትሕ ይልቅ ከናፍቆት የመጣ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ቃሉ ከተጻፈ በኋላ የደራሲው ብቻ አይሆንም። ከበርሊን ጉባኤ ዓመት የወጣ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ለጉባኤው የተሰጠ መልስ መገኘቱ ለታሪክ ተማሪ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ባካን መጽሐፍ ስንናገር ነገሩ ወደ ራሳችን ስም ይገባል። ፕሬስተር ጆን ማለት ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ ማለት ነው። በ1165 ገደማ በስሙ የተጻፈ የሐሰት ደብዳቤ በአውሮፓ ከተሰማ ጀምሮ፣ አውሮፓውያን በእስላሞች ላይ የሚረዳቸውን ይህን ክርስቲያን ንጉሥ መጀመሪያ በእስያ፣ በኋላም በኢትዮጵያ ሲፈልጉት ኖሩ። በ1520 ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1526 ተመለሰ፤ በ1540 በሊዝቦን የታተመው መጽሐፉም ንጉሣችንን በዚሁ ስም ይጠራዋል። ስሙ በእነዚያ ዘመናት የተስፋ ስም ነበረ።

በባካን ዘንድ ግን የሥጋት ስም ሆኗል። ባካን ከ1901 እስከ 1903 በደቡብ አፍሪካ የሎርድ ሚልነር ረዳት ሆኖ ሠራ። በዚያች አገር ማንጌና ሞኮኔ የተባለ የሜቶዲስት ቄስ፣ ጥቁሮች ካህናት ከነጮቹ ጋር ባለ መተካከላቸው ተለይቶ በ1892 በፕሪቶሪያ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ መሥርቶ ነበር፤ ስሙን ከመዝሙረ ዳዊት ወሰደ። የዓድዋ ድል በ1896 ሲሰማ የስሙ ክብር በጥቁሮች ክርስቲያኖች ዘንድ ከፍ አለ። በ1906 በናታል ባምባታ በግብር ምክንያት ሲሸፍት ብዙ ነጮች ከጀርባው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪዎች አሉ ብለው ፈሩ። «ፕሬስተር ጆን» የዚህ ፍርሃት ልጅ ነው። ዴቪድ ክሮፈርድ የተባለ የስኮትላንድ ወጣት በሱቅ ሊሠራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ ቄስ ጆን ላፑታ የተባለ የተማረ ጥቁር ሰባኪ የፕሬስተር ጆን ወራሽ ነኝ ብሎ፣ የጥንት የቀይ ዕንቈ ሐብል ለብሶ ሊያስነሣ የነበረውን ዐመፅ ያከሽፋል።

ይህን መጽሐፍ በትምህርት ቤታችን ከሁሉ አብልጠን እንወደው ነበር፤ አወዳደዳችን ግን ከደራሲው ፈቃድ የወጣ ነበር። ከላይ እንደ ተናገርሁት ልጅ ስሙን ለሚያውቀው ሰው ያደላል፤ በዚህ መጽሐፍ ግን ስም ያለው ጥቁር ሰው ነበረ። ላፑታ ቁመናው፣ ድምፁ፣ ዕውቀቱና ጀግንነቱ ከሁሉ የበለጠ ነው። በዋሻው ውስጥ ለተሰበሰቡት አለቆች ስለ ኢትዮጵያ ነገሥታት ሲናገር፣ ተደብቆ የሚሰማው ክሮፈርድ እንኳ ለጥቂት ጊዜ እርሱን ለመከተል ይናፍቃል። እኛማ ናፍቆቱን ከክሮፈርድ አስቀድመን ነበር የያዝነው። ከላፑታ ወገን የሆኑና ከክሮፈርድ ወገን የሆኑ ተማሪዎች በመኝታ ቤት ይከራከሩ ነበር፤ ክርክሩም የሚረዝመው ፍጻሜው ስለ ጠፋ ነበር። አንዳንዱ የበላይ ተማሪ ላፑታ አመለጠ ይለናል።

አላመለጠም። በሙሉው መጽሐፍ ቈስሎ በዋሻው ውስጥ ወዳለው ወንዝ ሐብሉን እንደ ለበሰ ይወረወራል። ክሮፈርድም ሀብት ተካፍሎ፣ የነጭ ሰው ግዴታ ምን እንደ ሆነ ገባኝ ብሎ ረዘም ያለ አሳብ ይጽፋል። ያ አሳብ ባጭሩ፣ ኀላፊነት የሚችል ይገዛል፣ የማይችል ይገዛለታል የሚል ነው። ከዚያም በተገንጣዮቹ ቅጠሎች ላይ የነበረው ይመጣል፤ ዐመፁ በተነሣበት አገር ለጥቁሮች ትልቅ ትምህርት ቤት ይቋቋማል፤ ዓላማውም ሰባኪና አስተማሪ ማፍራት ሳይሆን የእጅ ሥራ አስተምሮ ጸጥተኛ ዜጋ ማድረግ እንደ ሆነ ይነገራል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ቈይቻለሁ። ላፑታን የፈሩት የተማረ ስለ ሆነ ነው፤ መድኀኒቱም ሌላ ላፑታ የማያወጣ ትምህርት ቤት ነው።

እነዚህን መጻሕፍት መልሰው ያነበቡ ከእኛ በፊት ነበሩ፤ ከእነርሱ ንባብ ደግሞ ሌሎች መጻሕፍት ተወልደዋል። ዊልያም ጎልዲንግ በሶልዝበሪ የወንዶች ልጆች አስተማሪ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የባሕር ኃይል ሰው ነበረ፤ በ1954 ባሳተመው «የዝንቦች ጌታ» የባለንታይንን ልጆች ስም፣ ራልፍንና ጃክን፣ ወስዶ በደሴት ላይ ጣላቸው። በእርሱ ደሴት ላይ ሌላ አረመኔ አልተፈለገም፤ ልጆቹ ራሳቸው በቂ ነበሩ። ቺኑዋ አቼቤ በናይጄሪያ በኡሙአሂያ መንግሥት ኮሌጅ ሳለ እንዲህ ያሉትን የጀብዱ መጻሕፍት ሲያነብ ከነጮቹ ጋር ሆኖ አረመኔዎቹን ይቃወም እንደ ነበረ፣ በኋላ ግን ራሱ በወንዙ ዳር ከሚዘልሉት አንዱ ተደርጎ እንደ ተጻፈ እንደ ተረዳ ጽፏል። በ1958 የወጣው «ቲንግስ ፎል አፓርት» የሚያበቃው እንግሊዛዊው የአውራጃ ገዥ የኦኮንክዎን ሕይወት በሚጽፈው መጽሐፍ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ለማስገባት ሲያስብ ነው። የባለንታይን ስም የለሽ ሰዎች አንድ አንቀጽ እንኳ አላገኙም ነበርና፣ ያ አንቀጽ መራራ ቀልድ ነው። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ደግሞ የስቲቨንሰንን «የውድ ሀብት ደሴት» የመጻፍ ምኞት ያሳደረበት መጽሐፍ አድርጎ በፍቅር ያነሣዋል፤ በሚስዮኖች በተቋቋመው በአላያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ ያገኛቸውን ሃጋርድንና ባካንን ግን በ1986 ባወጣው ጽሑፉ በጽኑ ይከሳቸዋል። ሁለቱን ባንድ ሚዛን አለማስቀመጡ ትክክል ይመስለኛል፤ ነገር ግን ሃጋርድንና ባካንን ባንድ ሰንሰለት ማሰሩ ኢግኖሲን ያለ ፍርድ ያስቀጣዋል።

ይህ ሁሉ ወደ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ያደርሳል። እነዚህን መጻሕፍት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መደርደሪያ እናውርዳቸው የሚሉ አሉ፤ አሳባቸውን የምንቀው አይደለም፤ በዐሥራ ሦስት ዓመት የገባ ነገር በሃያ ዓመት ሁልጊዜ አይወጣምና። እኔ ግን ይውረዱ ከተባለ መጀመሪያ መውረድ ያለባቸው የታጠሩት ናቸው እላለሁ። ሙሉው ሃጋርድ ከክፋቱ ጋር መልሱን ይዟል፤ የታጠረው ክፋቱን ብቻ ያስቀራል። ሙሉው ባካንም ፍርሃቱን በገዛ አፉ ይናዘዛል። ተማሪ ሊያነባቸው የሚገባው ሙሉአቸውን፣ ዘመናቸውን ከሚያስረዳ መምህር ጋርና አቼቤን አጠገብ አድርጎ ነው። ይህ ደግሞ መጻሕፍት በጎረቤትነት እንዲቀመጡ ይጠይቃል። በኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት «ፕሬስተር ጆን» የሚገኘው ከእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ታሪኮች ዘንድ ነው፤ አልቫሬዝ ከጉዞ መጻሕፍት ጋር በሌላ ክፍል ተቀምጧል፤ አቼቤ ደግሞ በሦስተኛው ነው። ሦስቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለማኖር ከሦስት ቦታ መፈረም ነበረብኝ።